ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ዝቅ ያለች መኪናና የምታንኳኳው ሊንክ

ከደብረ ብርሃን ተነስታ ወደ ካራቆሬ ለምትወርድ መኪና መንገዱ ሁለት ዓይነት ፈተና ያቀርብላታል። የመጀመሪያው የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረው ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያ ሁሉ ከፍታ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል፣ ጥምዝ በጥምዝ እየሆነ ይራገፋል። እያንዳንዱ ጥምዝ የመኪናዋን አካል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለተኛው ፈተና የሚጀምረው ቆላው ገብቶ መስኮት ሲወርድ ነው። ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ ይለጠጥና ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ እያለ ካራቆሬ እስኪደርስ ድረስ ብሬከሩ፣ የተበላው የአስፋልት ጠርዝና ከባድ መኪና የቀበረው የጎማ ቦይ ይፈራረቃሉ። እዚህ መኪናዋ አታዘነብልም፤ አንዱ ጎማዋ ሲነሳ ሌላው ባለበት ይቀራል እንጂ።

ሁለቱንም የሚቀበል አንድ ብረት ከሥሯ አለ፤ መካኒኮቻችን ስታብላይዘር ይሉታል። ከግራ ወደ ቀኝ አግድም የተዘረጋ፣ ሁለት ጫፎቹ የታጠፉ፣ እንደ ሞላ ካለ ብረት የተሠራ ዘንግ ነው። መሀሉ በሁለት ጎሚኒ ከመኪናዋ አካል ጋር ይታሰራል። ጫፎቹ ግን በቀጥታ ወደ ጎማው አይደርሱም፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ አጭር ዘንግ ያገናኛቸዋል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያች አጭር ዘንግ ነው። ስሟ ስታብላይዘር ሊንክ ነው። ዋጋዋ ከመኪና ሥር ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ተርታ ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ግን መጀመሪያ የምትቸገረው እሷ ናት።

የስታብላይዘር ሥራ የቀንበር ሥራ ነው። ሁለቱ በሬዎች እኩል ሲራመዱ ቀንበሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዱ ሲቀድም ወይም ሲሰናከል ሌላውን ይጎትተዋል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ብሬከር ላይ እኩል ሲወጡም ዘንጉ በጎሚኒው ውስጥ ዞር ብሎ ያሳልፋቸዋል፤ ምንም አይከለክልም። ጥምዝ ላይ ግን የውጭው ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ የውስጡ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ዘንጉ በሁለት አቅጣጫ ይጠመዘዛል። ሞላ ስለሆነ መጠምዘዝን እንቢ ይላል፤ ያ እንቢታ አካሉን ቀና አድርጎ ይይዘዋል። ሊንኳ ደግሞ የዚህ ቀንበር ማነቂያ ናት። በአንዱ በኩል ማነቂያው የተበጠሰ ቀንበር ሌላውን በሬም እንደማይዝ ሁሉ፣ አንዷ ሊንክ ስትሰበር ስታብላይዘሩ በሁለቱም በኩል ሥራ ያቆማል። ብዙ ሰው «የቀኙ ነው የተሰበረው፣ ግራው ይሠራል» ብሎ ጣርማ በርን ይወርዳል። አይሠራም። ዘንጉ የሚይዘው ነገር ከሌለው የሚጠመዘዝበት ምክንያት የለውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በካናዳ ኒው ብራንስዊክ ግዛት፣ በፍሬድሪክተን ከተማ ይኖር የነበረው ስቲቨን ኮልማን ለዚህ ዓይነቱ ዘንግ ፓተንት ያገኘው በሚያዝያ 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1919) ነው። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የፎርዱ መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን በአንድ ላይ ያቆመበትን አሠራር ሲያወጣ፣ ስታብላይዘሩን ጎማውን ከታች ከሚይዙት ብረቶች እንደ አንዱ አድርጎ ተጠቀመበት፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣችው ፎርድ ኮንሰል የዚያ ልጅ ናት። ዛሬ አገሩን የሞሉት ኮሮላና ቪትዝ የፊት እግራቸው የማክፈርሰን ነው።

ስለ ዘንጉ ውፍረት አንድ ሒሳብ ማወቅ ይጠቅማል። የዘንጉ ጥንካሬ የሚያድገው በዲያሜትሩ አራተኛ ደረጃ ነው። 22 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ24 ብንተካው ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የጨመርን ይመስለናል፤ የዘንጉ እንቢታ ግን 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሊንኳ ላይ የሚያርፈው ኃይልም በዚያው ልክ ያድጋል። ወፍራም ስታብላይዘር አስገብቶ የድሮውን ሊንክ መተው ጠንካራ በሬ በክር ማሰር ነው።

ሊንኳ ራሷ ስትወፍር ግን መኪናዋ ቀና አትልም። እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ያጋንናሉ። ሊንክ የምትገፋና የምትጎተት ዘንግ እንጂ የምትጠመዘዝ ሞላ አይደለችም፤ ከፋብሪካ የወጣችው ቀጭኗም ብትሆን ለዚያ ሥራ ከበቂ በላይ ግትር ናት። የተሻለ ሊንክ የሚሰጠው ጥቅም ሦስት ነገር ነው፦ ልክ የሆነ ርዝመት፣ ያልላላ መጋጠሚያና ዕድሜ። ከሦስቱ ዝቅ ላለች መኪና ወሳኙ ርዝመቱ ነው። የቀረው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

አሁን «ዝቅ ያለች መኪና» ስንል ማንን ነው? በአዲስ አበባ ሞላ አስቆርጦ፣ ሰፊ ቸርኬ አስገብቶ መኪናውን አስፋልት የሚያስልስ ወጣት አለ፤ ስለ ሊንክ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው እሱን ነው። ይህ መንገድ በሚያቋርጠው በይፋት ቆላ የሚታዩት ዝቅ ያሉ መኪናዎች ግን አብዛኞቹ ማንም ዝቅ ያላደረጋቸው ናቸው። ሞላዋ በዕድሜ የሞተ ኮሮላ አለች። ፖርቶ መጋላዋ ላይ የሽንኩርት ጆንያ፣ ከኋላ ደግሞ ማሾና ሰው ተጭኖባት ጎማዋ ከአካሏ ውስጥ የገባች መኪና አለች። ከሊንኳ አንጻር ስናየው በፋሽን የወረደችም በሸክም የወረደችም ያው ናቸው፤ አካሉ ወርዷል፣ ጎማው ባለበት ቀርቷል፣ በመካከል ያለው ዘንግ ደግሞ ከተሠራበት ማዕዘን ወጥቷል። ልዩነቱ ሸክሙ ካራቆሬ ሲደርስ ይወርዳል፤ የተቆረጠ ሞላ ግን ተመልሶ አይበቅልም።

የተገላቢጦሹም አለ። መንገዱን ፈርቶ ሞላው ላይ ስፔሰር አስገብቶ ቪትዙን ያስነሳ ሰው ሊንኳን ወደ ተቃራኒው ጎትቷታል። ይህ ምዕራፍ ለሱም ይሆናል፤ «አጭር» ያልኩትን «ረጅም»፣ «ረጅም» ያልኩትን «አጭር» እያደረገ ያንብበው።

ስለ ሞላ መቁረጥ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ካለው ሞላ አንዱ ሲቆረጥ የቀረው በ20 በመቶ ይጠነክራል፤ ሞላ ሲያጥር ይደርቃልና። ይህ በልክ ከሆነ መጥፎ አይደለም። መጥፎው በኦክሲጅን እሳት ሞላውን አግሎ እንዲተኛ ማድረግ ነው። የሞላ ብረት ሞላ የሆነው በፋብሪካ በተሰጠው የሙቀት አያያዝ ነው፤ እሳቱ የነካው ቦታ ያንን ያጣል። ከዚያ በኋላ ሞላው አንድ ቀን በአንድ በኩል ይተኛል፣ ወይም ይሰነጠቃል። በግራና በቀኝ እኩል ያልተኛች መኪና ላይ ደግሞ የትኛዋም ሊንክ ልክ አትሆንም።

ወደ ዋናው እንምጣ። ሰው መኪናውን ዝቅ የሚያደርገው ጥምዝ ላይ እንዳታዘነብል ነው። ክብደቷ ወደ መሬት ሲቀርብ ታዘነብል ዘንድ የሚገፋት ኃይል ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን በማክፈርሰን አሠራር አንድ ስውር ዕዳ አለ። አካሉ ጥምዝ ላይ የሚያዘነብልበት የማይታይ ነጥብ አለ፤ የሚወሰነውም ጎማውን ከታች በሚይዘው ብራቾ ማዕዘን ነው። መኪናዋ በአራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስትል ብራቾው በጎማው በኩል ወደ ላይ ይቀናል፤ ያ ነጥብ ግን ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ክብደቷ ያለበት ቦታ የወረደው አራት ብቻ ነው። ስለዚህ በክብደቱና በነጥቡ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ፤ ርቀቱ ሲሰፋ ደግሞ አካሉን የሚያዘነብለው ጉልበት ያድጋል። ሞላው ካልጠነከረ ዝቅ ያለችው መኪና ከቀድሞዋ የበለጠ ልታዘነብል ትችላለች። ይህን የማይታመን የሚመስል ዕዳ የሚከፍለው ማነው? ስታብላይዘሩ። ማለትም ዘንጉም ሊንኳም ከቀድሞው የበለጠ ሥራ የሚጠየቁት ልክ ከማዕዘናቸው በወጡበት ሰዓት ነው።

ማዕዘኑን በቁጥር እንየው። የስታብላይዘሩ የታጠፈ ክንድ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ክንዱ አግድም፣ ሊንኳም ቀጥ ብላ የቆመች ናት እንበል። አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስናደርጋት የክንዱ ጫፍ በሊንኳ ተጎትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ 9 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። ይህ ገና ቆማ እያለች ነው። አጣዬ መግቢያ ላይ ያለ ብሬከር ጎማውን ሌላ ስድስት ሳንቲ ሜትር ሲገፋው ክንዱ ወደ 24 ዲግሪ ይደርሳል። ሊንኳ ከክንዱ ጋር በቀጥታ ማዕዘን ስትገናኝ ኃይሏ ሁሉ ዘንጉን ለመጠምዘዝ ይውላል፤ ማዕዘኑ ሲጣመም ከፊሉ ዘንጉን ወደ ጎን መግፋት ይሆናል፣ ጎሚኒውን ይፈጨዋል። ከዚያ ባሻገር በሊንኳ ሁለት ጫፍ ያሉት ኳስ መሰል መጋጠሚያዎች ወደ ጎን የሚታጠፉበት ወሰን አላቸው። ወሰናቸው ላይ ሲደርሱ መጋጠሚያ መሆናቸው ቀርቶ መፈንቅል ይሆናሉ፤ የሚሰበረውም ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ብረቱ ሳይሆን የኳሱ አንገት ነው።

ሌላው ጣጣ መነካካት ነው። ወደ ላይ የወጣው የስታብላይዘር ክንድ ጎማውን የሚያዞረውን አክሰል፣ የመሪውን ዘንግ፣ አንዳንዴም የመኪናዋን አካል ሊነካ ይችላል። ይህን ለማወቅ መኪናዋን ከሥሯ መመልከት በቂ ነው፤ የተነካ ቦታ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል። አክሰል ላይ ክብ ጭረት ያየ ሰው ሊንክ ስለ መቀየር ማመንታት የለበትም።

አጭር ሊንክ ነው የሚያስፈልገው ወይስ ረጅም? በጋራዥ ስትጠይቅ ብዙው ሰው «ዝቅ ላለች መኪና አጭር» ይልሃል። ግማሽ እውነት ነው። ስታብላይዘሩ ከላይ ሆኖ ሊንኳ ወደ ታች፣ ወደ ብራቾው የምትወርድ ከሆነ፣ ብራቾው ወደ ላይ ሲወጣ ሊንኳ የዘንጉን ጫፍ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ጫፉን ወደ ቦታው ለመመለስ ሊንኳን ማሳጠር ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ ኮሮላዎች እንደሚታየው ሊንኳ ላይኛው ጫፏ ከሾኩ ጋር፣ ታችኛው ከስታብላይዘሩ ጋር የታሰረ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሾኩ ወደ ላይ ሲወጣ ዘንጉን ይዞት ይወጣል፣ ለመመለስ የሚያስፈልገውም ረጅም ሊንክ ነው። በዚህኛው ላይ አጭር ሊንክ ያስገባ ሰው ችግሩን አባባሰው እንጂ አልፈታውም። ከዚህ የሚለየው ዘንጉ ከአክሰሉ በላይ የሚያልፍባትና አክሰሉ ከሥሩ የሚነካው መኪና ናት፤ እዚያ ማዕዘኑን ጥቂት መሥዋዕት አድርጎ፣ ሊንኳን አሳጥሮ ዘንጉን ከአክሰሉ ማራቅ ይሻላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በጀርባ ተኝቶ ማየት ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ለዚህ ነው ርዝመቷ የሚስተካከል ሊንክ የሚመረጠው። መሀሏ ክር ያለው ቱቦ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ክሩ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ስለሚዞር ቱቦውን ብቻ በማዞር ሳትፈታ ትረዝማለች፣ ታጥራለች። በግራና በቀኝ ያለ ዳዶ ይቆልፋታል። አገር ውስጥ እንደ ልብ የምትገኝ ዕቃ አይደለችም፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ሰዉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የድሮዋን ሊንክ መሀሏን ቆርጦ፣ አሳጥሮ ወይም ብረት ቀጥሎ ያስበይዳል። ይህን አልመክርም። ምክንያቱ ብየዳው አይደለም፤ ጎበዝ በያጅ ብረቱን ከድሮው አስበልጦ ሊያጣብቀው ይችላል። ችግሩ በኳሱ ዙሪያ ያለው ማቀፊያ ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ሊንኳ አጭር ስለሆነች የብየዳው ሙቀት ሁለቱም ጫፍ ይደርሳል፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ግሪሱ ይደርቃል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይጨማደዳል። ከውጭ አዲስ የምትመስል ሊንክ ሸዋ ሮቢት ሳትደርስ ማንኳኳት ትጀምራለች። የግድ ከሆነ ጫፎቹን ሳይነኩ መሀሉን ቶርኖ ቤት በክር ማሠራት ይሻላል። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ ሊንክ መግዛትም እንዲሁ ነው። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ በር፣ መስታወት ያገለገለ ቢገዛ ያስኬዳል፤ የኳስ መጋጠሚያ ድካም ግን ከውጭ አይታይም።

ከሚስተካከሉት ሊንኮች መካከልም ምርጫ አለ። ለውድድር መኪና የሚሸጡት ጫፋቸው ግልጥ ያለ ብረት በብረት ነው፤ ላስቲክም ፕላስቲክም ስለሌለው መኪናዋ ለመሪ ወዲያው ትታዘዛለች፤ ፎቶ ላይም ያምራሉ። እነዚህ ለይፋት አይሆኑም። ግልጥ የሆነው ኳስ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይጠጣል፤ አቧራውና ግሪሱ ሲቀላቀሉ ብረት የሚያሸት ሊጥ ይሆናሉ። ከካራቆሬ ወደ ማጀቴ በኩል የሚገባ ሰው ዕቃው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግለው ራሱ ይገምት። እኔ የምመርጠው የሚስተካከል መሀል ኖሮት ጫፉ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ግሪስ የሚሰጥበት ቀዳዳ ያለውን ነው። ጥቂት ይከብዳል፣ ጥቂት ይወደዳል፣ ግን አፍ የለውም።

የቆላው ሙቀትም ድርሻ አለው። ላስቲክ በሙቀትና በጊዜ ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አቧራ ይገባል። የሊንክ ሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኳሱ ሳይሆን ከዚያች ቀጭን ሽፋን ነው። ጎማ ሲቀየር አንድ ጊዜ በእጅ ዳሰስ አድርጎ ማየት ምንም አያስከፍልም።

ማንኳኳቷን እንዴት እንለያለን? በቀስታ ስትነዳ፣ በአንድ በኩል ብቻ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ፣ «ጧ፣ ጧ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከፊት ይሰማል። ፍጥነት ሲጨምር ይጠፋል። ሁለቱም ጎማ እኩል የሚወጡበት ብሬከር ላይ ብዙም አይሰማም፤ ምክንያቱም ያኔ ዘንጉ አይጠመዘዝም። ከሾክ ድምፅ የሚለየውም በዚህ ነው፤ የተበላሸ ሾክ ብሬከር ላይ ይበልጥ ይጮኻል። ምርመራው ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ነገር አለ። መኪናዋን በአንድ በኩል በክሪክ ያነሳና ሊንኳን ይዞ ይነቀንቃታል፤ አትነቃነቅም፤ «ደህና ናት» ይላል። አንድ ጎማ ብቻ ሲነሳ ስታብላይዘሩ ተጠምዝዞ ሊንኳን ወጥሮ ይይዛታል፤ የላላ መጋጠሚያም በውጥረቱ ይደበቃል። ትክክለኛው ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ እያሉ፣ ወይም ሁለቱም እኩል ተነስተው መፈተሽ ነው።

አንዷ ስትበላሽ ሁለቱም ይቀየሩ የሚለው ክርክር በየጋራዡ አያልቅም። «አንዷ ደህና ናት እኮ ልጄ፣ ምን አጠፋች?» ይላል ባለመኪናው። «ጋሼ፣ እኩል ነው የሠሩት፤ ይቺኛዋም መንገድ ላይ ናት» ይላል መካኒኩ። ብዙ ጊዜ መካኒኩ ልክ ነው፣ ምንም እንኳ ሁለት ሊንክ ከሸጠ የሚያተርፈው እጥፍ ቢሆንም። የሚስተካከል ሊንክ ሲሆን ደግሞ ክርክሩ ራሱ አይነሳም፤ አንዷን የሚስተካከል፣ ሌላዋን የፋብሪካ ማድረግ ርዝመታቸውን ማለያየት ነው።

ርዝመት ሲለያይ ምን ይሆናል? መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትቆም ዘንጉ ሥራ መፍታት አለበት። የቀኟ ሊንክ ከግራዋ አንድ ሳንቲ ሜትር ብትረዝም ዘንጉ ቆሞ እያለ ተጠምዝዟል፤ አንዱን ጎማ ወደ መሬት ይጫናል፣ ሌላውን ያቃልላል። በሚዛን ላይ ቢለካ ይታያል፤ ያለ ሚዛን ደግሞ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የተለያየ ጠባይ ታሳያለች፣ ፍሬን ሲያዝም አንዱ ጎማ ቀድሞ ሊንሸራተት ይችላል። በጣርማ በር ቁልቁለት፣ ጉም በወረደበት ዝናብ፣ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ የመግጠሙ ሥርዓት እንዲህ ነው። መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ፣ በአራቱም ጎማዋ ትቁም፤ የጎማ አየር እኩል ይሁን፤ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ክብደቱን የሚያህል ነገር ይቀመጥበት። ሁለቱም ሊንኮች ሲፈቱ ስታብላይዘሩ በእጅ የሚነቃነቅ ይሆናል። ክንዱን ከፋብሪካ ወደነበረው ማዕዘን መልሶ፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርቀት መለካትና ሁለቱንም ሊንኮች በዚያ ልክ ማስተካከል ነው። ያንን የቀድሞ ማዕዘን ለማወቅ ሞላው ከመቆረጡ በፊት ፎቶ ያነሳ ሰው ብልህ ነው፤ ያላነሳ ሰው ክንዱን ወደ አግድም አስጠግቶ፣ ምንም ነገር እንደማይነካ አረጋግጦ ይጀምር። የመጀመሪያዋ ሊንክ ትታሰር። የሁለተኛዋ ቡሎን በቀዳዳው ውስጥ በእጅ፣ ያለ መዶሻ፣ ያለ መፈንቅል መግባት አለበት። ካልገባ ቱቦውን ማዞር እንጂ መግፋት የለም። ይህች የመጨረሻ ግማሽ ዙር የሥራው ሁሉ ፍሬ ናት፤ የሚቸኩል መካኒክ ግን መጀመሪያ የሚዘልላት እሷን ነው።

ዳዶውን መፍታት ራሱ ጉዳይ ነው። ኳሱ በውስጡ ስለሚዞር ዳዶውን ስታዞር ኳሱም አብሮ ይዞራል። ለዚህ ነው በቡሎኑ ጫፍ ወይም ከጀርባው ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ የሚኖረው፤ አንዱ እጅ እሱን ይዞ ሌላው ዳዶውን ይፈታል። ክሩ ዝጎ ጉድጓዱ ከተላጠ ከዚያ በኋላ ያለው በግራይንደር መቁረጥ ነው፤ ዞሮ ዞሮ አሮጌዋ ሊንክ ልትጣል ስለሆነ ማልቀስ አያስፈልግም። ኳስ ሳይሆን ላስቲክ በላስቲክ የሆነችውን የድሮ ዓይነት ሊንክ የሚገጥም ሰው ደግሞ ላስቲኩ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር እስኪስተካከል ብቻ ያጥብቅ። ከዚያ በላይ የጠበቀ ላስቲክ አይሰጥም፣ ይበጠሳል። ሲያልቅ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ሊንኳም ቱቦዋም የፍሬን ቱቦውንና ጎማውን እንደማይነኩ ማየት ነው። ሞላው ከተቆረጠ አላይመንትም የግድ ነው፤ ሊንክ አላይመንትን አይነካም፣ ዝቅ ማለት ግን ይነካል።

ከሊንክ የማይጠበቅም አለ። መኪናዋ አራት ሳንቲ ሜትር ስትወርድ ሾኩ ወደ ላይ የሚሄድበትን መንገድ አራት ሳንቲ ሜትር አጥታለች። ጎድጓዳ ላይ ሾኩ መጨረሻው ላስቲክ ላይ ሲያርፍ በዚያ በኩል ድንጋይ ይሆናል፤ ጥምዝ መሀል ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው መሬቱን ይለቃል። ሰዎች ይህን ከሊንክ ድምፅ ጋር እያደባለቁ ሊንክ ላይ ሊንክ ይቀይራሉ። ይህን መልሶ የሚሰጥ ሊንክ የለም፤ መኪናዋን ትንሽ መልሶ ማንሳት ወይም አጠር ያለ ሾክ ማስገባት ነው መፍትሔው። ለአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ዝቅ የተደረገች መኪና ወደ ካራቆሬ ልትሄድ ስትል የእኔ ምክር ከሊንክ በፊት ሁለት ሳንቲ ሜትር መመለስ ነው። መልክ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

የካራቆሬን መንገድ በተለይ የምጠቅሰው ሰፈሩ ራሱ ጠማማ መሬት ላይ ስለሆነ ነው። ከተማዋ ያለችው ደጋው ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ፣ ከካራቆሬ ወደ ሰሜን የሚሄደውን የያኔውን የአዲስ አበባ–አሥመራ መንገድ ሰነጣጥቆት ነበር። አጥንተው የጻፉትም ሌላ ካናዳዊ ናቸው፤ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ፒየር ጉዊን። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተሠርቷል፤ ተዳፋቱና የሸለቆው መረሬ አፈር ግን ያው ናቸው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አስፋልቱን መጀመሪያ የሚያወዛውዘው በጠርዙ በኩል ነው። ስለዚህ የቀኝ ጎማ ሲወርድ የግራው አይወርድም። ስታብላይዘር ለሚጠላው ዓይነት መንገድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ይህን ጠብ መሐንዲሶች ከረዥም ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። ጥምዝ ላይ ጠንካራ ስታብላይዘር ይፈለጋል፣ ጎድጓዳ ላይ ባይኖር ይሻላል። ቶዮታ በአንዳንድ ፕራዶና ላንድክሩዘር ላይ ያስገባው ኬዲኤስኤስ የሚባለው አሠራር ይህንኑ በዘይት ግፊት ይፈታዋል፤ አስፋልት ላይ ስታብላይዘሩን ይቆልፋል፣ ጎማዎቹ ገደልና ጉብታ ሲያገኙ ይለቀዋል። ሲትሮየን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ዛንቲያ አክቲቫ ላይ ከዚያም አልፎ አካሉ ጥምዝ ላይ ከሞላ ጎደል እንዳያዘነብል አድርጎ ነበር። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ሲበላሹ ደግሞ መንገድ ዳር የሚጠገኑ አይደሉም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ክብደታቸው ከፋብሪካው ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከሥራቸው ግን ያችው አጭር ሊንክ አለች። መኪናዋ ስለከበደች ሸክሟ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። ሞላቸውን ለመቁረጥ ያሰበ ካለ ባትሪው ከብሬከሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ ይለካ።

የቀረው የሸክም ነገር ነው። በሰንበቴ ገበያ ቀን ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ባለመኪና ሊንኩን ባዶ መኪና ላይ አስለክቶ ቢያስተካክል፣ ስትጫን ማዕዘኑ እንደገና ይጠፋል። ሸክሙ በግራና በቀኝ እኩል እስካረፈ ድረስ ዘንጉ አይጠመዘዝም፤ የሚጠፋው የክንዱ ቀጥ ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን የሚመርጠው መኪናዋ አብዛኛውን ቀን በምትሸከመው ልክ፣ ጆንያውንና ተሳፋሪውን አስቀምጦ ነው። እኩልነቱን የሚፈትሸው ደግሞ ባዶዋን፣ ሹፌሩ ብቻ ተቀምጦባት። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱን መተው ካለበት የርዝመቱን ይተው፣ የእኩልነቱን አይተው። ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም የሚቆልፉትን ዳዶዎች በቁልፍ ነካ አድርጎ ይይ፤ አዲስ ክር ጥቂት ይረግባል።